ቤት ለሀሎዊን ማስጌጥ፦ አጽምና መቃብር ሳይገባበት ደጃችንን እንዴት እናሳምር?

ገነት ከሜሪላንድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ ከአፓርታማ ወጥተን ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በረንዳና ትንሽ ሳር ያለው ቤት ገባን። ሰፈሩ ልጆች የበዙበት ነው። ሀሎዊን፣ ኦክቶበር 31 ማታ ልጆች ጭምብል አድርገው በየቤቱ ከረሜላ የሚለቅሙበት በዓል፣ እየደረሰ ነው። ገና ኦክቶበር ሳይገባ መንገዱ ሙሉ በዱባ፣ በአጽምና በብርቱካናማ መብራት ተሞላ። የኛ ደጅ ብቻ ባዶ ነው። ልጆቼ የ6 እና የ9 ዓመት ናቸው፤ ትንሿ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «እማ፣ የኛ ቤት ሰው የሌለበት ይመስላል» አለችኝ።

እኔ ማስጌጡን አልጠላውም። ግን ሁለት ነገር ያዘኝ። አንዱ እናቴ ናት። ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ናት፤ አባቴ ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም። ፊት ለፊታችን ያለው ጎረቤት ሳሩ ላይ የመቃብር ድንጋይ ደርድሮ ከመሬት የሚወጣ እጅ ተክሎበታል። እናቴ መጀመሪያ እውነተኛ መቃብር መስሏት ደነገጠች። ጌጥ ነው ብዬ ሳስረዳት ደግሞ ይበልጥ ከፋት። «በሞት ይጫወታሉ እንዴ?» ብላ አማተበች። አሁን የፊት ለፊቱን መጋረጃ አትከፍትም። ስለዚህ እኔ ደጅ ላይ አጽምና መቃብር አይገባም፣ ይሄ ያለቀ ነገር ነው።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። የቤት ክፍያ ገና መጀመራችን ነው፤ ሱቅ ገብቼ ዋጋ አይቼ ባዶ እጄን ወጣሁ።

ልጆችን ደስ የሚያሰኝ፣ እናቴን የማያስከፋ፣ ብዙ የማያስወጣ ነገር የሠራችሁ እስቲ ንገሩኝ። «ጭራሽ አታድርጊው» የምትሉም ካላችሁ ምክንያታችሁን እሰማለሁ፤ ብቻ በጨዋነት ይሁን።

ብርሃኔ አሌክሳንድሪያ፦
እህቴ፣ እንኳን ለቤቱ አበቃሽ! እናትሽንም እግዚአብሔር ያጽናቸው።

እኔ ለብዙ ዓመት የማደርገው ሀሎዊን ሳይሆን የመኸር ጌጥ ነው። በጣም ቀላል ነው። ደረጃው ላይ በግራና በቀኝ ማም የሚሉትን የመኸር አበባ ታስቀምጫለሽ፤ ቢጫውን ያዢ፣ አደይ አበባን ያስታውሳል። ከሥሩ ትልቅና ትንሽ ዱባ፣ ነጩንም አረንጓዴውንም ቀላቅለሽ ትደረድሪያለሽ። የበረንዳው ምሰሶ ላይ የበቆሎ አገዳ ታስሪያለሽ። በሩ ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ የአበባ ጉንጉን ሲሰቅል እኔ የእናቴን ሰፌድ ነው የምሰቅለው፤ ዙሪያውን ቅጠልና ትንንሽ ቅል አስርበታለሁ። የሚያልፈው ፈረንጅ ሁሉ ቆሞ ይጠይቀኛል።

ትልቁ ጥቅሙ ዱባውን እስካልቀረጽሽው ድረስ እስከ ታንክስጊቪንግ፣ እስከ ኖቬምበሩ የምስጋና በዓል፣ መቆየቱ ነው። አንዴ ወጪ፣ ሁለት በዓል። ዱባ ከአበባና ችግኝ መሸጫ ሳይሆን ከግሮሰሪ ወይም ከገበሬዎች ገበያ ግዢ፣ ልዩነቱ ብዙ ነው።

ዳዊት ዳላስ፦
ሰላም እህት ገነት። እኔ «አታድርጊው» ከሚሉት ነኝ፤ በጨዋነት እንድንል ስለጠየቅሽም አመሰግናለሁ።

ምክንያቴ እንዲህ ነው። እኛ ለሞት ያለን አክብሮት ትልቅ ነው። ሰው ሲሞት እንቀመጣለን፣ እናለቅሳለን፣ አርባ እናወጣለን፣ ሙት ዓመት እናስባለን። ልጆቼ ያንን ሳያውቁ በፊት የሬሳ ሣጥን መጫወቻ ነው ብለው እንዲያድጉ አልፈልግም። ጠንቋዩንና ጋኔኑንም እንደዚያው፤ አምላኬ አትቅረቡት ያለውን እኔ ደጄ ላይ አልሰቅለውም። የሚያደርገውን ሰው ግን አልፈርድበትም።

ልጆቹን ግን ባዶ እጃቸውን አንተዋቸውም። ቤተ ክርስቲያናችን የዚያን ዕለት ማታ ለልጆች ፕሮግራም አለው። መኪናችንን እናቆምና የኋላውን ከፍተን እናስጌጠዋለን፤ አንዱ የኖኅ መርከብ ይሠራል፣ አንዱ የዮናስ ዓሣ። ልጆቹ ከመኪና መኪና እየዞሩ ከረሜላ ይለቅማሉ። ማንም ቀረብኝ ብሎ ያለቀሰ ልጅ የለም።

ሰለሞን ታሪክ ወዳድ፦
ወንድም ዳዊት ያለው ይገባኛል፣ የቤተሰብ ውሳኔ ነው። ብዙ ጊዜ ግን በየቤታችን «የሰይጣን ልደት ነው» የሚባል ነገር ይወራል፤ እሱ እውነት አይደለም። ልጆቻችን ደግሞ ትምህርት ቤት ሌላ ስለሚማሩ እኛን ማመን ያቆማሉ፤ ስለዚህ አጭር ታሪኩን ላስቀምጥ።

አየርላንድና ስኮትላንድ የነበሩ ኬልቶች የበጋውን መጨረሻ ሳዊን በሚሉት በዓል ያከብሩ ነበር። በዚያች ሌሊት የሙታን መናፍስት ይመለሳሉ ብለው ያምኑ ነበር። በኋላ የሮም ቤተ ክርስቲያን ኖቬምበር 1ን የቅዱሳን ሁሉ በዓል፣ ኖቬምበር 2ን ደግሞ የሙታን መታሰቢያ አደረገችው። ሀሎዊን እንግዲህ የዚያ በዓል ዋዜማ ነው። ወደ አሜሪካ በብዛት የገባው በ1840ዎቹ የድንች ረኃብ ካሰደዳቸው አየርላንዳውያን ጋር ነው። ሀገራቸው ሳሉ ፊት የሚቀርጹት ተርኒፕ በሚባል ጠንካራ ሥራ ሥር ላይ ነበር። እዚህ ሲመጡ ዱባ አገኙ፤ ትልቅ፣ ለስላሳ፣ ለመቦርቦር የማያስቸግር። የዛሬው ዱባ የመጣው ከዚያ ነው።

የአረማዊም የክርስቲያንም ታሪክ አለው፣ የስደተኛም ታሪክ አለው። ይህን አውቆ ማድረግም መተውም ይቻላል።

ማሚ ቃል፦
ገኒዬ፣ እናትሽን ስታነሺ ልቤን ነካሽው። እኔም እናቴ አብራኝ ናት፤ እኛ ቤት የሆነውን ልንገርሽ።

ኦክቶበር 31 በኛ ጥቅምት 21 ነው፣ ጳጉሜ 6 ከሆነችበት ቀጥሎ ባለው ዓመት ካልሆነ በቀር። ጥቅምት 21 ደግሞ ማርያም ናት! እናቴ በየወሩ 21ን ስለምትዘክር ያን ቀን ቤታችን ዳቦ ይደፋል፣ ጠላ ባይኖርም ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ሐበሻ ይመጣል። ወቅቱም ዘመነ ጽጌ ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ጽጌን የምትጾም እናት ያለሽ ሰው ታውቂዋለሽ። ስለዚህ እኔ በአበባ ነው የማስጌጠው። ለእናቴ «እማዬ፣ ወቅቱ የአበባ ነው፣ ደጁን በአበባ ላሳምረው» ስላት ራሷ ወጥታ ማሰሮዎቹን አስተካከለች።

ማታ ልጆች መምጣት ሲጀምሩ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች። ከረሜላውን በመሶብ ክዳን አድርጌ ሰጠኋት። ልጅ በመጣ ቁጥር አንዱን አታነሳም፣ በሁለት እጇ ነው የምታፍሰው። «እደግ! እደጊ! ለእናት ለአባት ያቆይህ!» ትላለች። ልጆቹ ምን እንዳለቻቸው አያውቁም፣ ግን ፈገግ ብለው ይሄዳሉ። ተመልሰው የመጡም ነበሩ። «ቡሄ ነው የመሰለኝ» አለችኝ፤ «እነዚህ ግን ዱላም የላቸው፣ አይጨፍሩም።» ከዚያ ወዲህ መጋረጃ መዝጋት ቀረ።

እናትሽን አታስገድጃቸው። ግን ከረሜላ የመስጠቱን ሥራ ስጫቸው።

ኤሌክትሪሺያኑ ፌርፋክስ፦
ስለ ውበቱ እናንተ ታውቃላችሁ፣ እኔ ስለ እሳትና ኤሌክትሪክ ላውራ። በየዓመቱ ይህ ወር ሲመጣ የምሰጋበት ነገር ስለሆነ ነው።

በረንዳ ላይ እውነተኛ ሻማ አታብሩ። የደረቀ የበቆሎ አገዳ፣ ገለባ፣ ስስ ወረቀት፣ የልጆቹ ረጅም ካባ ሁሉ ባንድ ብልጭታ ይያያዛል። በባትሪ የሚሠራ ሻማ ርካሽ ነው፤ ነበልባሉም ይንቀጠቀጣል፣ ከሩቅ ልዩነቱ አይታወቅም። ጌጡ በሩንና መውጫውን አይዝጋ። የበቆሎ አገዳ የምታስሩ ከመብራቱ አምፖል አርቁት፣ ሲደርቅ ክብሪት በሉት።

ኤክስቴንሽኑ ላይ ለውጭ የተሠራ መሆኑ ተጽፎ ይገኛል፣ እዩት። የሳሎኑን ቀጭን ገመድ አውጥታችሁ ዝናብ ላይ አትዘርጉ። ገመዱን በበር ሥር ወይም በመስኮት አጨናንቃችሁ አታሳልፉ፣ ሽፋኑ ይላጣል። በምስማር ወይም በስቴፕል አትምቱት። አንዱን ኤክስቴንሽን ሌላው ላይ እየሰካችሁ አታስረዝሙ። ውጭ ያለው ሶኬት ጂኤፍሲአይ የሚባለው ይሁን፣ መሐሉ ላይ ሁለት ትንንሽ መጫኛ ያለው፤ እርጥበት ሲያገኝ ራሱን ያጠፋል። «መብራቱ እየጠፋ አስቸገረኝ» ብላችሁ ወደ ሌላ ሶኬት አታዙሩት። ያስጠነቀቃችሁ እሱ ነው።

በአየር የሚነፋ ጌጥ የምትገዙ ደግሞ፣ ሞተሩ አየር የሚስብበትን ቀዳዳ ቅጠል ይደፍነዋልና በየጊዜው አጽዱት። ነፋስ ካለ አጥፉትና አጣጥፉት፤ ማሰሪያው ተነቅሎ አስፋልት ላይ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ሕሊና፦
የአፓርታማ ሰዎችንም አስታውሱን! እኔ ያለኝ አንድ በርና አንድ መስኮት ነው። ኮሪደር ላይ ምንም ነገር ማስቀመጥ አይፈቀድልንም። መስኮቱ ላይ ከጥቁር ካርቶን ድመት፣ ጨረቃና የሌሊት ወፍ ቆርጬ ለጥፌ ከኋላ መብራት አደረግኩበት። ወጪው ካርቶኑ ብቻ ነው። ከመኪና ማቆሚያው ሲታይ ያምራል፤ ልጄ ጓደኞቹን እየጠራ ያሳያል።

አቤል የሚኒያፖሊስ ልጅ፦
እኔ እዚሁ ነው ያደግኩት፤ በልጅ በኩል ያለውን ልንገራችሁ።

የኛ ቤት በዚያ ምሽት ይጨልም ነበር። እዚህ ሀገር የበረንዳ መብራት በርቶ ከሆነ «ኑ» ማለት ነው፣ ከጠፋ «እለፉን» ማለት ነው። አባቴ መብራቱን ሁሉ አጥፍቶ ሁላችንንም ጓዳ ያስቀምጠን ነበር። እኔ በመስኮቱ ጥግ የክፍሌ ልጆች በደጃችን ሲያልፉ አያለሁ። በማግሥቱ «ትናንት ማታ እቤት አልነበራችሁም እንዴ?» ይሉኛል። አባቴን አልወቅሰውም። ሁለት ሥራ እየሠራ፣ ያልገባውን ነገር ከልጆቹ እያራቀ ነበር። ግን ያች ጨለማ እስከ ዛሬ ትሰማኛለች።

አሁን የራሴ ቤት አለኝ። እውነቱን ለመናገር አጽምም አደርጋለሁ፤ ሆም ዲፖ በ2020 ያወጣውን የ12 ጫማ አጽም አቁሜያለሁ፣ መጀመሪያ ሲወጣ 299 ዶላር ነበር። ሰፈሩ ያወቀን በሱ ነው። ከጎረቤቶቼ ጋር ስም የተለዋወጥኩት፣ ልጄ ጓደኛ ያፈራው በዚያ ሰሞን ነው። ይህን የምለው አድርጊ ለማለት አይደለም፣ እናትሽ ካዘኑ አታድርጊው። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ምንም ባታስጌጪ እንኳ የበረንዳሽን መብራት አብሪ።

ስለ ጎረቤትሽ ደግሞ፣ ሄደሽ አናግሪው። «እናቴ በቅርቡ ባሏን ቀብራ ነው የመጣችው» በዪው። እዚህ ሀገር ሰው ካልነገርሽው አያውቅም፤ ከነገርሽው ግን አብዛኛው ይረዳል።

ወይንሸት አትላንታ፦
አቤል ስለ ጎረቤት ያለው ትክክል ነው። እኔ ደግሞ በተቃራኒው በኩል ያለውን ላንሳ፤ እኛ ራሳችን ሳናውቅ ጎረቤት የምናሳዝንበት ነገር አለ።

የሰው ቅርጽ ዛፍ ላይ አትስቀሉ። በልብስ ገለባ ሞልቶ በገመድ የሚንጠለጠል አሻንጉሊት ሱቅ ውስጥም ይሸጣል፣ ኢንተርኔት ላይም አሠራሩ አለ። ጥቁር አሜሪካውያን ጎረቤቶቻችን ያንን ሲያዩ የሚያዩት ጨዋታ አይደለም። አላባማ ሞንትጎመሪ ውስጥ በ2018 የተከፈተ መታሰቢያ አለ፤ ከ1877 እስከ 1950 ባለው ጊዜ ያለ ፍርድ፣ ብዙዎቹም ዛፍ ላይ ተሰቅለው፣ የተገደሉ ከ4,400 በላይ ጥቁሮችን ያስባል። ከላይ የተንጠለጠሉ የብረት ዓምዶች ናቸው፣ በየካውንቲው ስም። በመሐላቸው ስታልፉ አንገታችሁን ቀና አድርጋችሁ ነው የምታዩት። እዚያ ቆሜ ያየሁትን ከዛፍ ላይ አሻንጉሊት ጋር ማስታረቅ አልችልም። ልጆቻችን የሚያድጉት በዚህ ሀገር ጥቁር ሆነው ነውና ይህን ማወቅ አለብን።

ገነት ከሜሪላንድ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ማሚ ቃል፣ ጽሑፍሽን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ነጠላዬን አምጪልኝ» ብላለች! ወይንሸት፣ ይህን ባላነሳሽው አላስበውም ነበር፣ ለባለቤቴም አሳየሁት።

ልጆቹ ዱባ መቅረጹን ግን አልተውም አሉ። አሠራሩን የሚያውቅ አለ? ጎረቤት ያለው ገና ኦክቶበር አጋማሽ ሳይደርስ ሻግቶ ወድቋል።

ባለ ሙያዋ ሲያትል፦
ዱባ የኔ ነገር ነው፣ እስኪ ከመጀመሪያው።

ስትገዢ ግንዱን እዪ፤ አረንጓዴና ጠንካራ ይሁን። ቆዳውን በአውራ ጣትሽ ተጫኚው፣ ከሰረጎደ ተዪው። በግንዱ አንጠልጥለሽ አትሸከሚው፣ ከተሰበረ መበስበስ ከዚያ ይጀምራል። ያልተቀረጸ ዱባ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ሳምንታት ይቆያል፤ የተቀረጸ ግን ጥቂት ቀን ብቻ ነው፣ ሙቀት ካለ ከዚያም ያነሰ። ስለዚህ ቀድመሽ ገዝተሽ አስቀምጪ፣ የምትቀርጪው በዓሉ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ይሁን።

በባትሪ መብራት ከሆነ ከላይ አትክፈቺው። ከሥሩ ክብ ቀዳዳ አውጪና መብራቱ ላይ ድፊው። አናቱ ስላልተቆረጠ ቶሎ አይጎብጥም። ከላይ መክፈት ከፈለግሽ ቢላዋውን ቀጥ አድርገሽ አታውርጂ፣ ወደ መሐል አዘንብዪው። ክዳኑ ያኔ ወደ ውስጥ አይወድቅም። ውስጡን ልጆቹ በእጃቸው ያውጡ፣ ደስ የሚላቸው እሱ ነው። ከዚያ በትልቅ የብረት ማንኪያ ፊቱ የሚሆነውን በኩል ከውስጥ ፋቂው፣ ግድግዳው 2.5 ሳንቲሜትር አካባቢ እስኪሆን ድረስ። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። ግድግዳው ወፍራም ከሆነ መቁረጡም ይከብዳል፣ ብርሃኑም አይወጣም፣ የሚቀረው ክርም ቶሎ ይሻግታል።

የሽንኩርት ቢላዋ አትጠቀሙ፣ ይሸራተትና እጅ ይበላል። ለዱባ ተብሎ የሚሸጥ ትንሽ ባለ ጥርስ መጋዝ አለ። ልጅ ይሥል፣ ትልቅ ሰው ይቁረጥ።

ምን እንቅረጽ ካላችሁ፣ ልጆቼ የሚቀርጹት የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል ነው። ማታ በርቶ ሲታይ በጣም ያምራል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ሀ፣ ለ፣ ሰ፣ በ ክፍት ስለሆኑ ቀላል ናቸው። መ፣ ቀ፣ ወ፣ ዐ ግን ቀለበት አላቸው፤ ዙሪያውን ከቆረጥሽው መሐሉ ይወድቅና ፊደሉ ይጠፋል። ቀለበቱን ከዳር ጋር የሚያያዝ ጣት የምታህል ድልድይ ሳትቆርጪ ተዪ።

ከጨረስሽ በኋላ አንድ ጋሎን ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና አድርገሽ ንከሪው፣ በደንብ አድርቂው፣ የተቆረጠውን ጠርዝ ቫዝሊን ቀቢው። ይህን ያደረግሽበትን ዱባ ሰውም እንስሳም አይብላው፣ እውነተኛ ሻማም አታብሪበት። ከሥሩ ካርቶን ወይም ጣውላ አድርጊ፣ ውሃው ሲወርድ ሲሚንቶውን ያበላሻል።

ጆሲ፦
እኛ ሰፈር ሻጋታ ሳይሆን ስኩረል የሚሉት ዛፍ ላይ የሚኖር ትንሽ እንስሳ ነው የሚጨርሰው። በአንድ ሌሊት አፍንጫውን በልተው አደሩ።

ባለ ሙያዋ ሲያትል፦
ጆሲ፣ ሚጥሚጣ! በውሃ በጥብጠህ ያልተቀረጸው ዱባ ቆዳ ላይ እርጨው። ስኩረል ማቃጠሉን አይወድም፤ ሸተት አድርጎ ይተወዋል። ዝናብ ሲያጥበው ድገመው። ብቻ ልጆች በእጃቸው ነክተው ዓይናቸውን እንዳያሹ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ላለው ብቻ አድርገው።

እቴቴ ሎስ አንጀለስ፦
ልጆቼ፣ ዱባ ስትሉ ዱባ ወጥ ትዝ አለኝ። ያን ትልቁን ብርቱካናማ ዱባ ለወጥ አታድርጉት። ውሃ ብቻ ነው፣ ጣዕም የለውም፣ ይፈርሳል። ለወጥ ትንሿንና ክብ የሆነችውን፣ ለጣፋጭ የሚሠሩባትን ግዙ፤ ወይም በተርናት የሚሉትን። እሱ ነው የሀገራችንን የሚመስለው፣ በበርበሬ ሲሠራ ለጾም አንደኛ ነው።

የትልቁን ፍሬ ግን እንዳትጥሉት። ክሩን አጥባችሁ፣ በፎጣ አድርቃችሁ፣ ጨው ነስንሳችሁ ብረት ምጣድ ላይ ቁሉት። ከቡና ጋር ይቀርባል። ይህ ሁሉ ዱባው በረኪና ከመንካቱ በፊት ነው፣ እንዳትሳሳቱ።

የሳሚ እናት፦
ከረሜላ ላይ አንድ ነገር ላስታውስ። ልጄ ኦቾሎኒ ከነካ ሆስፒታል ነው የምንገባው። ለሱ ይህ ምሽት ከባድ ነበር፤ ሰብስቦ ይመጣል፣ ግማሹን እወስድበታለሁ። አንድ ዓመት ግን አንድ ቤት ደጅ ላይ ሰማያዊ አረንጓዴ የተቀባ ዱባ አየን። ያ ዱባ «እዚህ ቤት ከረሜላ ያልሆነ ስጦታም አለ» ማለት ነው፤ ከ2014 ጀምሮ በመላው አሜሪካ የምግብ አለርጂ ላለባቸው ልጆች ተብሎ የተስፋፋ ልማድ ነው። ሴትዮዋ እርሳስ፣ ተለጣፊ ሥዕልና ትንሽ ኳስ በሌላ ሳሕን ለይታ አስቀምጣለች። ሳሚ ራሱ መርጦ አነሣ። እኔ መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

አንዷን ዱባ እንዲህ ቀቡልን። ቀለምና ጥቂት እርሳስ ነው የሚያስፈልገው።

ነቢዩ፦
ሱቅ የሚሸጠውን ነጭ የሸረሪት ድር ቁጥቋጦና ዛፍ ላይ አትዘርጉት። ወፎችና ንቦች ይጠላለፉበታል። ድር ከፈለጋችሁ በወፍራም ክር ወይም ገመድ ሰፋ ሰፋ አድርጋችሁ ሥሩት፣ ወይም በረንዳው ጣሪያ ሥር ብቻ ይሁን። ወፍራሙ ክር ለዓይንም ይሻላል፣ ለሚቀጥለው ዓመትም ተጠቅልሎ ይቀመጣል።

ትርሲት ሙኒክ፦
እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ነው። ባቫሪያ ውስጥ ኖቬምበር 1 የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነው፣ ሥራ ዝግ ነው። ሰው አበባና ቀይ መብራት ይዞ የዘመዱን መቃብር ሊያጸዳ ይሄዳል። ልጆች 31 ማታ በር ያንኳኳሉ፣ ግን ጌጡ እንደ አሜሪካ አይበዛም፤ አንድ ዱባ በር ላይ ካለ በቂ ነው። ገነት፣ እናትሽ ይህን ቢያዩ ደስ ይላቸው ነበር። እኔም በዚያ ቀን ሀገር ቤት ላረፉት ሻማ አበራለሁ።

ገነት ከሜሪላንድ፦
አዲስ ነገር ልንገራችሁ። ባለቤቴ ጎረቤታችንን አናገረው። ሰውዬው በጣም ደነገጠ። በዚያው ምሽት ድንጋዮቹን ነቅሎ ከቤቱ ጎን አዞራቸው፤ ከኛ መስኮት አይታዩም። በማግሥቱ ሚስቱ ዳቦ ጋግራ መጣችና እናቴን አቀፈቻት። ቋንቋ አልተግባቡም፣ ግን እናቴ ቡና ሳታጠጣ አልለቀቀቻትም። አቤል፣ ለምክርህ አመሰግናለሁ።

ዕቅዳችን ይኸው፦ ሁለት ማሰሮ ቢጫ ማም፣ ያልተቀረጹ ዱባዎች በደረጃው ላይ፣ ሁለት የተቀረጹ ዱባ ከልጆቹ ፊደል ጋር፣ አንድ ሰማያዊ አረንጓዴ ዱባ ለነሳሚ፣ መስኮቱ ላይ የሕሊናን ጨረቃና ድመት። ሰፌድ ከብርሃኔ ሰርቄያለሁ። የበቆሎ አገዳውን ተውኩት፣ የበረንዳችን መብራት ዝቅ ያለ ነው። ያሰብኩትን ግማሽ እንኳ አላወጣሁም።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። መብራቱን ስንት ሰዓት ላብራ፣ ስንት ሰዓት ላጥፋ? ዱባዎቹንስ በኋላ ምን አደርጋቸዋለሁ?

ኤሌክትሪሺያኑ ፌርፋክስ፦
በኛ አካባቢ ያን ሰሞን ፀሐይ የምትገባው በዚህ ሀገር አቆጣጠር 6 ሰዓት ገደማ ነው። ትንንሾቹ ገና ብርሃን ሳለ ይጀምራሉ። ለውጭ የሚሆን ታይመር ገዝተሽ ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት አድርጊው። ከረሜላ ሲያልቅ የበረንዳውን መብራት አጥፊ፣ ልጆቹ ይገባቸዋል። ደረጃው ላይ ግን የእግር መንገዱ በደንብ ይታይ፤ ጭምብል ያደረገ ልጅ እግሩን አያይም፣ ዱባዎቹን ወደ ዳር አስጠጊ፣ ገመድ መንገዱን አያቋርጥ።

ባለ ሙያዋ ሲያትል፦
ያልተቀረጹትን እስከ ታንክስጊቪንግ አቆያቸው፤ ከለሰለሱ አንሻቸው። ከተቀረጹት ባትሪውን አውጪ። ቀለም፣ በረኪናና ቫዝሊን የነካው ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። ምንም ያልነካውን ሰባብረሽ ጓሮ ቆፍረሽ ቅበሪው፣ አፈሩን ያለማል። ከተማችሁ የምግብ ትራፊ ለብቻ የሚሰበስብ ከሆነ ለሱ ስጪው። ጫካ ወይም ፓርክ ወስደሽ አትጣዪው፣ አይፈቀድም። ፍሬው ከገባበት ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ጓሮሽ ዱባ ይበቅልብሻል፤ ቅጠሉም ይበላል።